ባትሪዋ ወደ ኋላ የተዛወረ መኪና፦ ማሳና ኬብል ያመጡብኝ ጣጣ

ይህን የምጽፈው ባትሪዋ ከኮፋኖ ሥር ወጥቶ ወደ ኋላ የተዛወረ መኪና ለሚነዱ፣ ወይም ጋራዥ ገብተው «ፊት ለፊት ቦታ የለም፣ ባትሪውን ወደ ኋላ እንውሰደው» ለተባሉ ሰዎች ነው። ሞተር ካስቀየራችሁ ወዲህ መኪናችሁ ጠዋት ጠዋት አልነሳም እያለች የምታስቸግራችሁም አንብቡት። አዲስ ባትሪ ከመግዛታችሁና ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ከማስፈታታችሁ በፊት ብታነቡት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ብዙ ገንዘብ አውጥቼበታለሁ፤ ገንዘቡስ ተሠርቶ ይመለሳል፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ እናቴን አሳፍሬ የደረሰብኝ ግን ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሁለቱ ከተሞች በአየር ጠባይ አይገናኙም። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ በቦርከና ወንዝ ዳር 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ይህን ልዩነት ያነሳሁት ለጂኦግራፊ ብዬ አይደለም። ችግሩ የት እንዳለ ለረጅም ጊዜ የሸፈነብኝ እሱ ነው።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። የቤንዚን ሞተሯ ዘይት መብላት ሲያበዛ፣ ለዳገቱም ለነዳጁም ይሻላል ተብሎ የናፍጣ ሞተር አስገባሁላት። ሥራውን የያዘው ጋራዥ ሞተሩን በደንብ አስቀመጠው፤ በዚያ በኩል እስከ ዛሬ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። የናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያምቀው ከቤንዚኑ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ትልቅ ሞተሪኖና ትልቅ ባትሪ ይፈልጋል። ትልቁ ባትሪ ደግሞ የድሮው ቦታ ላይ አልገባ አለ። ስለዚህ ባትሪው ወደ ኋላው ዕቃ መጫኛ ሄደ፤ ፖዘቲቩ ኬብል በምንጣፉ ሥር ተጎትቶ ወደ ፊት መጣ፤ ኔጌቲቩ እዚያው ባትሪው አጠገብ ቦዲው ላይ በአጭር ሽቦ ታሰረ። የሞተሩ ማሳ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ከሞተሩ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ማሰሪያ የተባለው፣ ከቤንዚኑ ሞተር የተረፈው ቀጭን ጠፍጣፋ የሽቦ ጥልፍ ነበር። እሱንም መልሰው አሰሩት። እኔም ተረክቤ ወጣሁ።

ኮምቦልቻ ቀን ላይ ቁልፍ ሳዞር ትነሳለች። ደሴ ሌሊቱን አድራ ጠዋት ላይ ስሞክራት ግን ሞተሪኖው ይከብደዋል፤ አንዴ ይዞርና ይቆማል፣ ወይም «ታክ» ብሎ ዝም ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡማ በየጠዋቱ የሰፈር ልጆች ሆጤ ቁልቁለት ላይ መግፋት ሥራቸው ሆነ። ይህን የሰማ ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ «ብርድ ነው፣ ባትሪው ደክሟል።» እውነትም ባትሪ በብርድ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ይወፍራል። ስለዚህ ምክሩ ትክክል ይመስል ነበር፤ ባትሪ ገዛሁ።

አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ሳምንታት ደህና አደረገኝ። ከዚያ ያው ተመለሰ። ቀጥሎ ሞተሪኖው ተፈትቶ ካርቦኑና ቡሹ ተቀየረ። እሱም ትንሽ አሻሻለውና ተመለሰ። ከዚያ «ዲናሞው አይሞላም» ተባለና ዲናሞውም ተነካ። ነገሩ የሚያታልለው ይህ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ሁልጊዜ ለጊዜው ይሻላል። ምክንያቱም ኬብሉና ማሳው የሚያባክኑትን አዲሱ ባትሪ በጉልበቱ ይሸፍነዋል። ጉልበቱ ሲደክም የተደበቀው ይወጣል። ባትሪ ቀይራችሁ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከተሻላችሁ ባትሪውን ሳይሆን ኬብሉን ጠርጥሩ።

መኪናዋ ራሷ ምልክት ትሰጥ ነበር። ማታ ከኮምቦልቻ ስመለስ የፊት መብራት ሳበራ የሙቀት መለኪያው መርፌ ትንሽ ወደ ላይ ይላል፤ መብራቱን ሳጠፋ ይመለሳል። ሞተሩ በአንድ ቅጽበት ሊሞቅም ሊቀዘቅዝም አይችልም። መብራቱና መለኪያው በአንድ ደካማ ማሳ እየተሻሙ ነበር። ሌላው፣ ፍሬቻ ሳበራ ክሩስኮቱ ላይ ያሉት መብራቶች አብረው ይርገበገባሉ። ሦስተኛው ደግሞ ትልቁ ነበር፤ የነዳጅ መስጫው ፔዳል እየከበደ መጣ። «ሽቦው ደርቋል፣ ዘይት ይቀባ» ተባለ፤ ተቀባ። እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ስታዩአቸው ጥቃቅን ናቸው። አንድ ላይ ካያችኋቸው ግን ያን ቀን መኪናዋን አታንቀሳቅሱ።

ወደ ሐረጎው ልምጣ። እናቴን ኮምቦልቻ ከዘመድ ቤት ይዣት ወደ ደሴ እየወጣን ነው፤ ሊመሽ ሲል። ዳገቱን ነዳጅ ሰጥቼ ወጣሁና ኩርባው ላይ እግሬን ሳነሳ ሞተሩ ድምፁን አልቀነሰም። ፔዳሉ እታች እንደተረገጠ ቀረ። በግራ በኩል ሲኖ ትራክ እየወረደ ነው፣ በቀኝ ገደሉ። እናቴ «ያ ረቢ!» ስትል ብቻ ይሰማኛል። ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፤ ቁልፉን መልሼ አጠፋሁት። መኪናዋ ከመንገዱ ዳር ቆመች። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆሞ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ደገፈልን።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ነዳጅ መስጫ ተይዞ ከቀረባችሁ ፍሬኑን አንዴ አጥብቃችሁ ያዙ እንጂ ደጋግማችሁ አትምቱት፤ ሲደጋገም የፍሬኑ እገዛ ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ከማርሽ አውጧት። ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሱ፤ መኪናዋ ሳትቆም እንዳትነቅሉት፣ መሪው ይቆለፋል።

ኮፋኖውን ስንከፍት የነዳጅ መስጫው ሽቦ ሽፋን ከሞተሩ ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ቀልጧል። የውስጡ ፕላስቲክ ከሽቦው ጋር ተጣብቆ ሽቦው አልንሸራተት ብሏል። ሽቦውን ኮምቦልቻ አስቀየርኩት። የቀየረው መካኒክ «የጭስ ማውጫው ሙቀት ነው» አለኝ። ሙቀቱ ግን እዚያ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ አላሳመነኝም፤ ሽቦው ከጭስ ማውጫው በሌላኛው ወገን ነው የሚያልፈው።

ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወርዱ፣ ከጅቡቲ የሚመለሱ ከባድ መኪኖች የሚቆሙበት አካባቢ ዕድሜያቸው የገፋ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሉ። ሹፌሮቹ ሁሉ ጋሼ ነው የሚሏቸው። አሮጌውን የቀለጠ ሽቦ ይዤላቸው ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና ጠየቁኝ።

«ባትሪህ የት ነው?»

«ከኋላ ነው ጋሼ።»

«የባትሪው ማሳስ?»

«እዚያው ከኋላ ቦዲው ላይ።»

«የሞተሩ ማሳስ በየት በኩል ነው?»

መልስ አልነበረኝም። «አብሽር፣ ይህ ትንሽ ነገር ነው» አሉኝና ባትሪ ለመዋዋስ የምንጠቀምበትን ጥቁሩን ኬብል አንሥተው አንዱን ጫፍ ሞተሩን ማንሻ ብረት ላይ፣ ሌላውን ከሾክ አብዞርበሩ ራስ አጠገብ ቀለም በሌለው ቡሎን ላይ ቆነጠጡት። «በል አሁን አስነሳት።» ቁልፉን አዞርኩ። ያቺ በስንት ልመና የምትነሳ መኪና ገና ከመዞሯ ተነሣች። ኬብሉን ነቅለው እንደገና አስዞሩኝ፤ ያው ከበዳት። መልሰው ቆነጠጡት፤ ተነሣች።

ይህ ፍተሻ ምንም አያስወጣም። ባትሪ የምትዋዋሱበት ኬብል ካላችሁ ዛሬውኑ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በሞተሩና በቦዲው መሃል ኬብል ስትቆነጥጡ አነሣሷ ከተሻሻለ የሞተሩ ማሳ ነው። ቀዩን ኬብል ግን አትንኩ፤ ከቦዲ ወደ ሞተር ብቻ ነው።

ሽቦው ለምን እንደቀለጠም ያኔ ገባኝ። ሞተሪኖው የሚስበው ጉልበት ሁሉ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። የተሠራለት መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ቦዲውን የሚነካው በጥቂት ነገሮች ብቻ ነው፤ በነዳጅ መስጫ ሽቦ፣ በማርሽ ሽቦ፣ በኪሎ ሜትር ሽቦ። ያቺ ቀጭን የነዳጅ ሽቦ ከ200 አምፒር በላይ የሚስበውን የሞተሪኖ ጉልበት በየጠዋቱ ስትሸከም ከርማለች። እሳቸው ስንት መኪና ላይ ይህን እንዳዩ ሲነግሩኝ የእጅ ፍሬን ሽቦው የጋለበት ሰውም አንሥተውልኛል።

ከዚያ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አወጡ። የሚቀጥለውን ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ ጋራዦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ቀደም ሲል የሠሩልኝ ሁሉ ማሳውን የሚፈትሹት ቴስተሩን «ቢፕ» የሚለው ላይ አድርገው ነበር። ቢፕ ካለ «ማሳ አለው» ይላሉ። ኬብሉ ውስጥ ካሉት መቶ ክሮች አንዱ ብቻ ቢቀርም ቴስተሩ ቢፕ ይላል። ለመብራትም ይበቃል። ለሞተሪኖ ግን አንድ መቶኛ ኦም እንኳ ብዙ ነው፤ 250 አምፒር ሲያልፍበት 2.5 ቮልት ይበላል። ተራ ቴስተር ይህችን አንድ መቶኛ አያያትም።

እሳቸው ያደረጉት እንዲህ ነው። ቴስተሩን የዲሲ 20 ቮልት ላይ አደረጉት። በረጅም ሽቦ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ መቆንጠጫው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስነኩት። ከዚያ «አስዙር» አሉኝ። ጤናማ ማሳ ቢሆን 0.2 ቮልት አካባቢ ያሳያል። የእኔው 3 ቮልት አሳየ። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ለኩ፤ ከ0.5 ማለፍ የሌለበት 1.4 ሆነ። ባትሪው ላይ ሲዞር 10.8 ነበር። ደምሩትና ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው ከስድስት ቮልት ትንሽ በላይ ነው። ያ ሁሉ ባትሪ ተጠያቂ የሆነው በከንቱ ነበር።

ሞተሩ ተነሥቶ መብራት በርቶ ደግሞ ለኩ። ዲናሞው ላይ 14.2፣ ኋላ ባትሪው ላይ 13.2። ዲናሞው የሚያየው የራሱን ቮልት ነው፤ በመንገድ ላይ አንድ ቮልት እንደሚጠፋ አያውቅም። ስለዚህ ባትሪዎቼ በሙሉ ዕድሜያቸው ጠግበው አያውቁም። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲቆይ ውስጡ ይጠጥራል፤ ከዚያ ቻርጅ ቢደረግም አይመለስም።

ማሳዋን ፈታናት። የሽቦው ጥልፍ አንድ ጫፍ ሞተሩን ከያዘው አዲስ ብረት ጋር ታስሯል። ያ ብረት ሲበየድ ጥሩ ተደርጎ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ሮንዴላው ከተቀመጠበት ሥር ቀለሙ ሳይነካ፣ እንደ መስታወት እያብረቀረቀ አለ። ጉልበቱ ሲያልፍ የነበረው በቡሎኑ ጥርስ ብቻ ነው፤ ጥርሱም ጠቁሮና ተቃጥሎ ሰማያዊ ቀለም አውጥቷል። ኋላ ያለውም እንደዚሁ ነበር፤ ጭቃ መከላከያው ጥቁር ቅብ ላይ በላዩ ነው የታሰረው።

የባሰው ግን የኋላውን መቀመጫ ስናነሣ ያገኘነው ነው። ፖዘቲቩ ኬብል ከዕቃ መጫኛው ወደ ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ ብረቱ ተሰርስሮ እንዳለ ነበር፤ የጎማ ቀለበት አልገባለትም። የቀዳዳው ጠርዝ ኬብሉን እየጋጠው ላስቲኩ በአንድ በኩል አልቆ መዳቡ ይታያል። ከዚያ እስከ ብረቱ ድረስ የቀረው የወረቀት ውፍረት ያህል ነው። በኬብሉ ላይ ፊውዝ የለም። ሙሉ ባትሪ ከቦዲ ጋር በቀጥታ ሲነካካ ከሺህ አምፒር በላይ ሊያወጣ ይችላል፤ ኬብሉ በቅጽበት ይግላል፣ ምንጣፉና የመቀመጫው ስፖንጅ ደግሞ ከላዩ ነው። ልጆቼ የሚቀመጡት እዚያ ነው። ይህን ሳይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ሥራውን እንደ አዲስ ሠራነው። ዝርዝሩን የምነግራችሁ ሌላ ጋራዥ ስትሄዱ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ነው።

የመጀመሪያው የኬብሉ ውፍረት ነው። የተሠራልኝ ባለ 16 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ነበር፤ ባትሪ ፊት ለፊት ሲሆንና ኬብሉ አንድ ክንድ ሲሆን ይበቃ ይሆናል። ከኋላ ወደ ፊት ግን አምስት ሜትር ነው። ባለ 16 ካሬ መዳብ በየሜትሩ አንድ ሚሊ ኦም ከምናምን አለው፤ በአምስት ሜትር 250 አምፒር ሲያልፍ ብቻውን 1.4 ቮልት ይበላል። ቴስተሩ ያሳየን ይህንኑ ነው። ባለ 50 ካሬ ሲሆን ግማሽ ቮልት አይሞላም። ከመግዛታችሁ በፊት በገመድ ለኩ፤ ኬብሉ የሚሄድበትን ጎንና ኩርባ ሁሉ ተከተሉ፣ ቀጥታውን አይደለም።

ሁለተኛው የኬብሉ ጥራት። ገበያ ላይ ላዩ መዳብ ውስጡ አልሙኒየም የሆነ ኬብል አለ፤ ዋጋው ይስባል። ሲያነሱት ይቀላል፤ ጫፉን በቢላ ስትፍቁት ነጭ ይሆናል። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከመዳብ 60 በመቶ ያህሉን ነው፤ ስለዚህ ባለ 50 ተብሎ የተሸጠላችሁ እንደ ባለ 30 ነው የሚሠራው። እኛ የገዛነው የብየዳ ኬብል ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች እሱ አይታጣም። ክሮቹ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆኑ ይተጣጠፋል፤ መንቀጥቀጥም ይችላል። ላስቲኩ ግን ለዘይትና ለሞተር ሙቀት የተሠራ ላይሆን ስለሚችል ሙሉውን በተሸነሸነ የፕላስቲክ ቱቦ አለበስነው፤ ከጭስ ማውጫውና ከነዳጅ ቱቦው አራቅነው።

ሦስተኛው ጫፉ ነው። ሻጮቹ ሉግ የሚሉት ባለ ቀዳዳ የመዳብ ጫፍ አለ። በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተያያዘ አትቀበሉ፤ ዛሬ ይይዝና መኪናዋ ስትንቀጠቀጥ ይላላል። በቆርቆሮ ብቻ የተበየደም አያስተማምንም። መጋጠሚያው ሲግል 180 ዲግሪ አካባቢ ላይ ቆርቆሮው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ኬብሉ ይወጣል። በሃይድሮሊክ መጫኛ የተጨመቀ ይሁን። መጫኛው የመብራት መስመር የሚዘረጉ ሰዎች ዘንድ አለ፤ ከመካኒክ ጋር መጨቃጨቅ አያስፈልግም፣ ኬብሉን ይዛችሁ ሄዳችሁ ሁለቱን ጫፍ አስጨምቁ። ባትሪው ራስ ላይም መቆንጠጫው ሲሰፋ ሚስማር ወይም የቆርቆሮ ቁራጭ መሸጎጥ የተለመደ ነው። ይህን ካያችሁ አስወግዱት፤ መቆንጠጫውን ራሱን ቀይሩ።

አራተኛው ማሳው። ቀለም መፋቅ አለበት፤ ሉጉ የሚያርፍበት ስፋት ልክ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ በብርጭቆ ወረቀት። ሉጉ ብረቱን በቀጥታ ይንካ፤ ጥርስ ያለው ሮንዴላና ዳዶ ከላይ ይሁን፣ ከሥር አይደለም። ቫዝሊን ወይም ግሪስ የሚቀባው ከተጠበቀ በኋላ በላዩ ላይ ነው፣ ዝናብና ጭቃ እንዳይገባው። ኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ በአጭር ባለ 50 ካሬ ከወፍራሙ የቦዲ አጥንት ጋር አሰርነው፤ ፊት ለፊት ደግሞ ከቦዲው አጥንት ወደ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ሞተሪኖው አጠገብ ወዳለው ቡሎን ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሌላ ኬብል። ባለ 50 ፖዘቲቭ ዘርግቶ ማሳውን በቀጭን ጥልፍ መጨረስ ወፍራም የውሃ ቱቦ ስቦ ጫፉ ላይ ቀጭን ቧንቧ እንደ መግጠም ነው። የወለሉ ብረት ዝገት የበላው መኪና ከሆነ በቦዲው አትተማመኑ፤ ሁለተኛ ኬብል ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ይሳብ። የወንበር ቀበቶ ቡሎን ላይና የነዳጅ ታንከር ማሰሪያ ላይ ማሳ አይታሰርም።

አምስተኛው ፊውዝ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ30 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ 300 አምፒር፤ ከከባድ መኪና መለዋወጫ ሻጭ ነው ያገኘሁት። ፊት ለፊት ተደርጎ ቢሆን ኬብሉን አይጠብቀውም። ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባለት።

ባትሪውን ወደ ኋላ ማዛወርን እንደ ሙያ የያዙት የድራግ እሽቅድምድም (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ የሚደረግ የመኪና ውድድር) ሰዎች ናቸው፤ ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ እንዲያርፍና መኪናዋ ስትነሣ ጎማው እንዳይንሸራተት ብለው ነው። አሜሪካ ውስጥ በእነሱ አቆጣጠር 1951 የተቋቋመው ኤንኤችአርኤ የተባለው ማኅበራቸው ባትሪዋ ወደ ኋላ ለሄደ መኪና የሚያስገድደው ሕግ ለእኛም ይጠቅማል። ባትሪው በወፍራም ቡሎን ይታሰራል። ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከሆነ ከተሳፋሪው በብረት ግድግዳ ይለያል፣ ወይም አየሩ ከመኪናው ውጭ በሚወጣ ዝግ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከኋላ በውጭ በኩል ዋና ማጥፊያ ይኖረዋል፤ ማጥፊያው ፖዘቲቩ ላይ ሆኖ የሚሠራውን ሞተር ጭምር ማጥፋት አለበት። ይህ የመጨረሻው ለምን እንደሆነ ጋሼ አስረዱኝ። ማጥፊያው ባትሪውን ብቻ ከቆረጠ ዲናሞው መኪናዋን እየመገበ ይቀጥላል፤ ያለ ባትሪም ቮልቱ ዘሎ ዲናሞውን ራሱን ይጎዳዋል።

ሳጥኑን እኔም አሠርቻለሁ፤ በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ አየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳል። ዕቃ መጫኛው ተዘግቶ፣ በኮሮላ ደግሞ ከኋላ መቀመጫው ጋር የሚለየው ጨርቅና ካርቶን ብቻ ሆኖ፣ ይህን መናቅ አይገባም።

ስትፈቱ ሁልጊዜ ኔጌቲቭን አስቀድሙ፣ ስታስሩ ኔጌቲቭን አስከትሉ። መፍቻው ፖዘቲቩ ላይ ሆኖ ቦዲውን ቢነካ ምንም እንዳይፈጠር ነው።

አሁን በታኅሣሥ ብርድም አንዴ ቁልፍ ስታዞር ትነሣለች። የሙቀት መርፌው መብራት ሲበራ አይነቃነቅም። ማሳው 0.2፣ ፖዘቲቩ 0.5 አካባቢ፣ ባትሪው ላይ ሲሞላ 14 ከምናምን።

ክረምት ሲወጣ የማሳውንና የፖዘቲቩን የቴስተር ፍተሻ እደግማለሁ፤ ጭቃና ውሃ ማሳውን የሚበላው በዚያ ጊዜ ነው። ባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሰማያዊ ዱቄት ካያችሁ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ከዚያ እሰሩ። ሁሉንም አጽድታችሁ የማሳው ንባብ አሁንም ከፍ ካለባችሁ ደግሞ ቴስተሩን ደረጃ በደረጃ ወደ ፊት አንቀሳቅሱት፦ ከባትሪው ራስ ወደ መቆንጠጫው፣ ከመቆንጠጫው ወደ ሉጉ፣ ከሉጉ ወደ ቦዲው፣ ከቦዲው ወደ ፊተኛው ኬብል፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮው፣ በመጨረሻ ወደ ሞተሪኖው ቀፎ። ቮልቱ የሚዘለው የት ጋ እንደሆነ ያኔ ታገኙታላችሁ። እኔ በመጨረሻው ላይ ነው ያገኘሁት፤ ሞተሪኖው ሲጠገን ቀፎው አምሮ እንዲታይ ቀለም ተቀብቶ፣ ከካምቢዮው ጋር የሚገናኝበት ፊቱም አብሮ ተቀብቶ ነበር። ፈትተን እሱንም ፋቅነው።